እግራቸው የታጠበ ተሳላሚዎች

ይህን እንድጽፍ ያስነሣኝ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው። ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ላሊበላ ከተማ ውስጥ በአንድ ጎረቤቴ ድንኳን ተቀምጬ ሳለ፣ ፊት ለፊቴ የነበረ ጎልማሳ፣ ማንነቴን ሳያውቅ፣ ስለ በቅሎ ጫኙ ስለ ታረቀ ያወራ ጀመር። ታረቀ ምስኪን ሰው እንደነበረ፣ መርማሪው ገርፎ እንዳሳመነው፣ የተሳላሚ መቃብር አስከፍቶም አገሩን እንዳዋረደ ተናገረ። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ዝም አልሁ፤ ለቅሶ ቤት ክርክር አይገጠምበትም። መልሱን ግን በጽሑፍ እሰጣለሁ።

መርማሪው እኔ ነኝ። ታረቀን በጥፊ እንኳ አልነካሁትም። መቃብር ይከፈት ብዬ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን እጠይቃለሁ። በዚህ መዝገብ የማፍርበት ነገር አለኝ፤ ነገር ግን ሰዎች አፍርበት ዘንድ የሚሹት ነገር አይደለም። እሱንም በቦታው እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ወልዲያ ላይ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ከነባሮቹ ፖሊሶች ብዙዎቹ ተሰናብተው ስለነበር፣ ቃል መቀበልና መዝገብ ማደራጀት የሚችል ሰው ጠፋ። እጅ ጽሑፌ የሚነበብ በመሆኑ ብቻ መርማሪ እንድሆን ተመደብሁና ወደ ኮን ተላክሁ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ስለ ውሎ አበሉ ግን ቅጹ ከአበሉ ይረዝም እንደነበር መመስከር እችላለሁ።

ኮን ላይ ያገኘኋቸው አለቃዬ ሃምሳ አለቃ ይማም ይባላሉ። ከተሰናበቱት ነባሮች አንዱ ነበሩ፤ በተተኪዎቻቸው ጊዜ የተላከው መዝገብ ሁሉ ጎደሎ ነው እየተባለ ከዐቃቤ ሕግ ስለተመለሰ፣ በዓመቱ ከእርሻቸው ተጠርተው ወደ ሥራ ተመለሱ። ጠባያቸውን ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ የማውቀውን ሥራ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ምስክር ቆሞ ሳለ አይቀመጡም ነበር። ወንበሩ አንድ ከሆነ ለምስክሩ ይሰጡና ራሳቸው ቆመው ይጽፋሉ። አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ አንዴ በቢሮ፣ አንዴ ሰውየውን እየሸኙ በመንገድ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ገበያ ላይ እንደ ድንገት ተገናኝተው። ሦስቱም መልስ አንድ ቃል ከሆነ ይጠራጠራሉ፤ “ሰው እውነቱን ሲናገር በየጊዜው አንድ ነገር ይጨምራል፤ በቃሉ ያጠናው ነው የማይጨምር” ይሉ ነበር። ዱላን ይጠሉ ነበር፤ የሚጠሉትም በርኅራኄ ብቻ አልነበረም። “የተገረፈ ሰው የሚነግርህ የራስህን ሐሳብ ነው። የራስህን ሐሳብ ለመስማት ምን አደከመህ?” አሉኝ አንድ ቀን።

ስለ ሬሳ ያስተማሩኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። “ከእግሩ ጀምር። ፊትን ዘመድ ያሰናዳዋል፤ ዓይኑን ይከድናል፣ አገጩን ያስራል፣ እንቅልፍ የወሰደው ያስመስለዋል። ውስጥ እግርን ግን የሚያሰናዳው የለም፤ የመጣበትን መንገድ እንደያዘ ይቆይሃል።”

ሦስት ዓመት አብሬአቸው ከሠራሁ በኋላ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ሌላ ጣቢያ ተዛወርሁ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የዚያ ጣቢያ መርማሪ ለሥልጠና ሄዶ ቦታው ክፍት ነበር። ወደዚህ ነገር የገባሁት እንዲህ ነው፤ በዝውውር ደብዳቤ።

የመጀመሪያው ሬሳ የገጠመኝ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ለገና የሚመጣው ተሳላሚ መንገዱን መሙላት በጀመረበት ሰሞን ነው። በዚያን ዘመን ተሳላሚ ለብዙ ቀናት በእግሩ ይጓዛል፤ ብዙው ስእለት ስላለበት ጫማ አያደርግም። ከዋድላ በኩል የሚመጣው ጥድ በር የሚባለውን አፋፍ ይወጣል፤ አፋፉ ላይ ጥድ በር ሚካኤል አለ። ከአቀበቱ ግማሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተው ተገኙና ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በበቅሎ መጡ። ያመጣቸው ታረቀ ነበር።

ታረቀን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጋቢው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። በሁለት በቅሎ ከገበያ ገበያ እየጫነ ያድራል፤ የደከመ ተሳላሚ ሲያገኝ ጭነቱን አራግፎ በቅሎውን ይለቅለታል ተብሎ ይወደሳል። ሕዝቡ በሙሉ “አያ ታረቀ” ነው የሚለው። ሽማግሌውን ወድቀው እንዳገኛቸው፣ ከዚያ በፊት አይቷቸው እንደማያውቅ ነገረኝ። ቃሉን ተቀበልሁ።

እኔ ስደርስ ሬሳው ታጥቦ ከእግሩ እስከ ደረቱ ተገንዟል። ፊታቸው ብቻ ነበር የቀረው። ሰላማዊ ፊት ነበር። አንገታቸው ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር አየሁ፤ ማተባቸው ለዓመታት ያረፈበት ነው ብዬ አለፍሁት። እግራቸውን ማየት እንደምሻ ለደብሩ ቄሰ ገበዝ ለአባ ዘውዱ ብነግራቸው፣ “የተገነዘ አይፈታም፣ ልጄ” አሉኝ። የተቃወምሁበት አንድ ቃል የለም። ብርድ ነበር፤ ካህናቱ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ አፈርሁ። ስማቸው ያልታወቀ ሽማግሌ፣ የሞት ምክንያት ዕድሜና የመንገድ ድካም ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተም መታሁ።

የማፍርበት ይህ ነው።

በየካቲት ሙሉ የምትባል ወጣት ከኮን መጣች። ጥልፍ ሠሪ ናት። አክስቷ እትዬ ብርቄ ለገና ተሳልመው ሊመለሱ ወጥተው እስከዚያ ቀን አልተመለሱም። ሃምሳ አለቃ እንዳስተማሩኝ፣ የጠፋውን ሰው መልክ ብቻ ሳይሆን የያዘውንም ዕቃ ሁሉ አስዘርዝሬ ጻፍሁ። እትዬ ብርቄ በግራ እጃቸው ላይ የእሳት ጠባሳ አለባቸው። የያዙት ስንቅ፣ ጧፍና ለላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የተሳሉት፣ ሙሉ የጠለፈችው መጋረጃ ነበር፤ መጋረጃው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጧል፤ የፈረሱ አንድ እግር ሰማያዊ ነው።

በመንገዱ ዳር ያሉትን አምስት ደብሮች እየዞርሁ በዚህ ዓመት የሞተ ተሳላሚ እንዳለ ጠየቅሁ። አምስቱም የለም አሉኝ። አባ ዘውዱም “የለም፣ ልጄ” አሉ። እትዬ ብርቄ መንኩሰው ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ይሆናል። ለሙሉም ይህንኑ ነገርኋት።

“ጋሼ” አለችኝ፣ “አክስቴ ሰባት ዶሮዎቿን ለጎረቤት አስቆጥራ ነው የወጣችው። ሊመነኩስ የሚሄድ ሰው ዶሮ ያስቆጥራል?”

ፈገግ አልሁ። እሷ አልሳቀችም። “እርስዎ ይሣቁ። እኔ ዶሮዎቹን እያየሁ ነው የመጣሁት” ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ በጥድ በር በኩል ሳልፍ፣ ከወንዙ ዳር በቅሎዬን ውኃ አጠጥቼ ልነሣ ስል አንድ ነገር መጣብኝ። አባ ዘውዱ የሞተ የለም ብለውኛል። በታኅሣሥ ግን እዚያው ደብር ላይ እኔ ራሴ ሬሳ ፈርሜ አስቀብሬአለሁ። እሳቸው ውሸታም አይደሉም። እንግዲያ ጥያቄዬ ነው የተበላሸው። አቀበቱን ተመልሼ ወጣሁ።

“ይፍቱኝ አባ።”

“እግዚአብሔር ይፍታህ። አንተ ደግሞ ምን መለሰህ?”

“በታኅሣሥ የፈረምሁባቸው ሽማግሌ እዚህ ተቀብረው የለምን?”

“ተቀብረዋል እንጂ።”

“ታዲያ የሞተ የለም አላሉኝም?”

እንደ ሕፃን አዩኝ። “ሞተ መቼ ተባለ? ላሊበላን ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ያረፈ ሰው ሞተ አይባልም። ደረሰ ነው የሚባል።”

እኔ የወልዲያ ልጅ ነኝ፤ ይህን ቃል በዚህ ፍቺው ሰምቼው አላውቅም ነበር። “እንግዲያ አባ፣ ስንት ደረሱላችሁ?” አልሁ።

በጣታቸው ቆጠሩ። “በሦስት ዓመት ሰባት። ሚካኤል ቢወደን ነው። ለሌላ ደብር እንዲህ አልተሰጠም።”

ያመጣቸውን ጠየቅሁ። ሁለቱ ታመው እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ያረፉ ናቸው። አምስቱን ያመጣቸው አያ ታረቀ ነው። ከአምስቱ የመጨረሻዋ ሴት ናት፤ በግራ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አለባት። የተቀበረችውም፣ ለጣቢያው ሳይነገር፣ ሽማግሌው በተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

የደብሩን ገናዥ አያ ሲሳይን አስጠራሁና፣ ሃምሳ አለቃ ይጠይቁት ከነበረው ጀመርሁ። እግራቸው እንዴት ነበር? አያ ሲሳይ ጥያቄው ደስ አለው፤ ለካስ ለዓመታት ሲያወራው የኖረው ተአምር ነበር።

“ከየት ልጀምርልህ ጌታዬ! የምናጥበው ነገር አጣን እኮ። ከዋድላ በባዶ እግሩ የመጣ ሰው ውስጥ እግሩ ንቃቃት፣ እሾህ፣ አቧራ ነው የሚሆን። የእነዚህ ግን እንደ አራስ ልጅ እግር ለስልሶ፣ ቅባ ኑግ ይሸታል። የሴቲቱንም የገነዟት ሴቶች እንዲሁ ነው ያሉ። መላእክት ተሸክመዋቸው ነው። መሬት አልረገጡም።”

“የአምስቱም እንዲህ ነበር?”

“የአምስቱም። አያ ታረቀ ያመጣቸው ሁሉ።”

ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልጽፍም። ያሰብሁትን ግን እጽፋለሁ፤ ለመዝገብ የሚረባው እሱ ነው። በላስታ የመሸበት ተሳላሚ ቤት ሲገባ ባለቤቱ በገበቴ ውኃ አቅርቦ እግሩን ያጥበዋል፤ የተሰነጠቀውንም ይቀባለታል። በረከት ነው። ያጠበ ሰው ደግሞ አይደብቀውም፤ በማግስቱ ለጎረቤት ይናገራል። እንግዳው መንገድ ላይ ቢያርፍ “ትናንት ቤቴ ያደረ” እያለ ቀብሩ ላይ ቀድሞ የሚያለቅሰው እሱ ነው። የአምስት ሰዎች እግር ታጥቧል። በአምስቱም ቀብር “እኔ ቤት አደረ” ያለ አንድ ሰው የለም። እግራቸው ከታጠበ በኋላ አቧራ አለመንካቱም በበቅሎ እንደሄዱ ይናገራል። በቅሎ ይዞ ከሬሳው ጋር የታየ ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም አይቻቸው አላውቅም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

ወደ ኮን ሄጄ ለሙሉ ነገርኋት። አላለቀሰችም፤ ዶሮዎቹን ለጎረቤቷ እንደምትተው ብቻ ተናገረች። ከእሷ ቤት ወጥቼ ያን ጊዜ በጡረታ ላይ ወደነበሩት ወደ ሃምሳ አለቃ ይማም አመራሁ። አጥር እያጠሩ ነበር። ሁሉንም ሰሙኝና እንጨቱን ሳይለቁ አንድ ነገር ጠየቁ።

“ከእግራቸው ጀመርህ?”

“አልጀመርሁም፣ ሃምሳ አለቃ።”

“እንግዲያ አለመጀመርህንም መዝገቡ ላይ ጻፈው። ካልጻፍኸው ሌላ ሰው ያወጣዋል።”

ሬሳ ለማስመርመር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ለትእዛዙ የዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ፣ ለማመልከቻው ደግሞ የጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ። ኃላፊያችን አቶ ጌጡ የድርጅት ሰው ነበሩ፤ ከመርማሪነት ይልቅ በስብሰባ ያደጉ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው። ደብዳቤውን አልፈርምም አሉ። ካህናቱ ይነሡብናል፣ ተሳላሚው ይፈራል፣ የፋሲካ እንግዳ ይቀራል፣ ይህን የሚያህል በጎ አድራጊ ያለ ማስረጃ አይነካም። በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ ጠየቅኋቸው፤ እምቢ አሉ። እንግዲያው በራሴ ፊርማ ለዐቃቤ ሕጉ ጻፍሁ። ፋሲካ ሲቃረብ መንገዱ እንደገና በተሳላሚ ይሞላል፤ ታረቀም በቅሎዎቹን አሳርፎ ይጠብቅ ነበር። የማስበው እሱን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራሁ። ያንን ዘመን ለማያውቅ ልንገር፤ በግምገማ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ባልደረባውን ይነቅፋል፤ የተነቀፈውም ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል። ያን ቀን በእኔ ላይ ሦስት ነጥብ ቀረበ። መዋቅር ጥሻለሁ። የሕዝብን እምነት ንቄአለሁ። ከድሮ ሥርዓት ፖሊስ በተማርሁት አሠራር ተበክያለሁ።

“ከመቃብር ሌላ የሚመረመር ወንጀል አጥተህ ነው?” አለኝ አንዱ ባልደረባዬ። ሌላው ደግሞ፣ “እሱ ሕያው ምስክር ይሰለቸዋል። የሞተ አይከራከረውማ” ብሎ ቤቱን አሳቀ።

ሰብሳቢው አቶ ጌጡ ነበሩ። “ግለ ሂስህን እንስማ” አሉ።

ተነሣሁ። “ጥፋት አለብኝ” አልሁ። ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን አነሡ። “በታኅሣሥ አንድ ሬሳ እግሩን ሳላይ ፈርሜ አስቀብሬአለሁ። ያን ቀን ‘አይቀበርም’ ብል ኖሮ በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ሴት ባልሞተች ነበር። ስለዚህ መቃብር ይከፈት በማለቴ አትገምግሙኝ፤ መቃብር ይዘጋ ብዬ በመፈረሜ ገምግሙኝ። ይህም ቃል በቃል በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።”

ከኋላ የንብረት ክፍሉ አዛውንት፣ “ግለ ሂስ እንዲህ ከሆነ እኛ እስከ ዛሬ ምን ስንል ኖርን?” አሉ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ። አቶ ጌጡ ግን አልሳቁም። ቃለ ጉባኤ ላይ “ሴት ሞታለች” የሚል ከሰፈረ በኋላ ደብዳቤውን አለመፈረም ማለት ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ገብቷቸዋል። በማግስቱ ፈረሙ። እኔም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሁለት የደረጃ እድገት አለፈኝ። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ከዲፕሎማዬ ጋር በአንድ አቃፊ ተቀምጧል።

ትእዛዙን ይዤ ጥድ በር ስደርስ አባ ዘውዱ የቅጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ነበር፤ ዱላ የያዘም አየሁ።

“ያረፈን ሰው ልታነሣ ነው?” አሉኝ።

ከመቆፈሩ በፊት አንድ ነገር እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው፤ አያ ታረቀ ለደብሩ ያገባውን ስእለት። ይህንን በኩራት ነው ያሳዩኝ። ዕቃ ቤቱን ከፍተው ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ የብር መስቀል አወጡ፤ ታረቀ እነዚህን ባስገባ ቁጥር ከቅዳሴ በኋላ ስሙ እየተጠራ ተመርቋል። በመጨረሻ ለጊዮርጊስ በዓል የተቀመጠ መጋረጃ ዘረጉ። ፈረሱ ነጭ ነው፤ አንድ እግሩ ሰማያዊ።

የሙሉን ቃል ከመዝገቡ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባ ዘውዱ አንብበው ወደ መጋረጃው አዩ፤ እንደገና አነበቡ። ከዚያ በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

“በሟቾቹ ስእለት ነው እኛ ገዳያቸውን ስንመርቅ የኖርነው?” አሉ። እነዚያን ሰዎች ሟች ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ተነሥተው ከአንዱ እጅ ዶማ ተቀበሉና የመጀመሪያውን አፈር ራሳቸው ቆፈሩ። ዱላ የያዙትም ዱላቸውን አስቀምጠው አገዟቸው።

ትእዛዙ የፈቀደው ሦስት መቃብር ተከፈተ። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ወጣት ቢሆንም ጠንቃቃ ነበር። የእትዬ ብርቄና የአንድ ጎልማሳ የጉሮሮ ትንሿ አጥንት ተሰብራለች፤ ታንቀው ነው የሞቱት አለ። እኔ የፈረምሁባቸው ሽማግሌ አጥንት ግን ደኅና ነበር። “ታንቆም አጥንቱ የማይሰበር ሰው አለ። ነገር ግን እዚህኛው ላይ መመስከር አልችልም” አለኝ።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው። ታረቀ ገበያ ሄዶ ነበር፤ ቅዳሜ ሲመለስ ወሬውን ሰምቷል። አልሸሸም። እሑድ እንደ ወትሮው ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ቅዳሴ መጣ። እንዲህ ላለው ሰው ትልቁ ምሽጉ የሰው ምርቃት ነው፤ እስከዚያ ቀን ጠብቆታል።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ዘውዱ ሕዝቡን አስቁመው መጋረጃውን አስዘረጉ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ። ሙሉ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጋረጃው አጠገብ ቆመች። እንዲህ እንድታደርግ አላዘዝኋትም፤ አልከለከልኋትምም።

“አያ ታረቀ፣ ሸጋ መጋረጃ ነው። ማን ሠራልዎ?”

“ኮን አሠራሁት፣ እታለም። አንዲት ባለሙያ ናት።”

“የፈረሱ እግር ለምን ሰማያዊ ሆነ?”

ሰውየው ለመልስ አይቸገርም። “ውኃ ሲሻገር ነዋ” አለ። ሳቅ ያመለጣቸው ሰዎች ነበሩ።

“ነጭ ክር አልቆብኝ ነው” አለች ሙሉ። “አክስቴን ቆይ ነጭ ክር ልግዛ ብላት፣ ‘ቅዱስ ጊዮርጊስ እግር አይቆጥርም’ ብላ ነጥቃኝ ሄደች። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ለእርስዎ መቼ ሸጥሁልዎ?”

ታረቀ መለስ ብሎ ሕዝቡን አየ። ሳቁ ቆሟል። አንድም ሰው “አያ” ብሎ ሊከላከልለት አልተነሣም። ዝግ ብሎ ወደ በቅሎው ሄደና መቀነቷን ያጠብቅ ጀመር። ልጓሙን ያዝሁና በስሙ ጠርቼ በሕግ ቁጥጥር ሥር መሆኑን ነገርሁት። ቤቱ ሲፈተሽ በቅባ ኑግ የጠገበ ገበቴ፣ ከአራት አገር የመጡ የአራት ሰዎች መቋሚያና የሌሎች ስንቅ የነበረባቸው ስልቻዎች ተገኙ። ሁለቱን መቋሚያ ቤተሰቦቻቸው መጥተው ለዩአቸው።

ቃሉን የተቀበልሁት በሃምሳ አለቃ ይማም ሥርዓት ነው። ወንበሩን ሰጠሁት፤ ቆሜ ጻፍሁ። አንዱን ጥያቄ በሦስት የተለያየ ቀን ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ካደ። በሁለተኛው ዝም አለ። በሦስተኛው እንዲህ አለ፤ “እኔ አልገደልሁም፣ አደረስኋቸው። ላሊበላ ለመግባት የሁለት ቀን መንገድ ይቀራቸው ነበር። አጥቤ፣ ቀብቼ፣ በበቅሎ አስቀምጬ በአንድ ጧት አደረስኋቸው። ካህናቱም ደረሱ ነው ያሉ። እንግዲህ ማን ነው የዋሸ?”

ቃሉን እንደተናገረው ጻፍሁ። ከሥሩም የእኔን ጥያቄ ጻፍሁ፤ “የእትዬ ብርቄ መጋረጃ ቤተ ጊዮርጊስ ደርሷልን?” መልስ አልሰጠም። ያንንም “መልስ አልሰጠም” ብዬ ጻፍሁ። ይህ ሰው ስሙ በካህን አፍ ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ፈላስፋ አይደለሁም።

ለቅሶ ቤት ያወራው ጎልማሳ ይህን ልብ ይበልልኝ። ታረቀ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያን ቃሉን ካደ። ዐቃቤ ሕጉም በማስረጃነት አላቀረበውም፤ አላስፈለገውም። ያስፈረደበት ምላሱ አይደለም። መጋረጃው፣ ገበቴው፣ መቋሚያዎቹ፣ የሐኪሙ ቃል፣ የገናዦቹ ምስክርነትና “ፈጽሞ አይቻቸው አላውቅም” ብሎ በነጻ ፈቃዱ የሰጠው የመጀመሪያ ቃሉ ናቸው። አገር ተዋረደ የሚለውንም አልቀበልም። በዚያው ፋሲካ መንገዱ እንደ ወትሮው በተሳላሚ ሞልቶ ነበር፤ ጥድ በር ላይም የወደቀ ሰው አልነበረም።

ክሱ ሬሳቸው በተመረመረው ሦስት ሰዎች ግድያ ነበር። ወልዲያ ላይ በምስክርነት ቀረብሁ። የተከሳሹ ጠበቃ ብልህ ሰው ነበር፤ የታኅሣሡን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ።

“ፊርማው የእርስዎ ነው?”

“የእኔ ነው።”

“ማኅተሙስ?”

“የጽሕፈት ቤታችን ነው።”

“የሞት ምክንያት ዕድሜና የመንገድ ድካም ይላል። የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?”

“ያኔ አልዋሸሁም፤ ያኔ አላየሁም። ሳላይ ፈረምሁ። ዛሬ ያየሁትን እናገራለሁ።”

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና መልሱን አስመዘገቡ። ሙሉ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ስወጣ፣ “ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ይረፉ” አለችኝ፤ ከፈገግታዬ ቀን ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው።

የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታረቀን በእትዬ ብርቄና በጎልማሳው ግድያ ጥፋተኛ ብሎ በዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጣ ወሰነ። ስማቸው ያልታወቀውን ሽማግሌ በሚመለከተው ክስ ግን፣ በመዝገቡ ያለው ይፋዊ ሰነድ የሞታቸውን ምክንያት ዕድሜና የመንገድ ድካም ነው ስለሚል፣ ጥርጣሬው ለተከሳሹ እንዲጠቅም ተደርጎ በነጻ አሰናበተው። ውሳኔው የተነበበው ሰኔ 13 ቀን፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው።